የጣቢታ እንግዶች

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ በረንዳ ለበረንዳ ስታድር የኖረችው ጣቢታ በክረምቱ መግቢያ ቤት አገኘች። ቤት ካሉት ነው እንግዲህ። የቴክኒክ መምህሩ ፍሬው ከጭነት መኪና ሸራና ከቀርከሃ ሠርቶ፣ የጋሪ ጎማ ገጥሞ የሰጣት ነገር ነው፤ ቀን ታጥፎ ይጎተታል፣ ሲመሽ ይዘረጋል፣ አንድ ሰው እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ይተኛበታል። ሰዉ አይቶ ሳቀ። ጣቢታ ግን አለቀሰች፤ ሞርሲቶ ያለችው እህቷ ጣሪያ ሲኖርሽ ልጅሽን ትወስጃለሽ ብላት ነበርና።

የመጀመሪያው ማታ፣ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከውጭ አንድ ድምፅ «ቤቶች!» አለ። ጣቢታ ደጃፍ ላይ እንዲህ ከተባለ ስንት ዘመኑ። ከደስታዋ ብዛት ማነው ሳትል «ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» ብላ መጋረጃውን ገለጠች። ማንም የለም። መጋረጃውን ስትመልስ ግን ከጎኗ የሸራው ወለል ስርጉድ አለ፤ ቀጥሎም ሳል ሰማች። አምና እዚያው በረንዳ ላይ ብርድ የገደላቸው የአባባ ጥላዬ ሳል ነበር።

ፈራች፣ ያውም ክፉኛ። ግን ይግቡ ያለችውን እንግዳ በምን አፏ ይውጡ ትበል? ጥጓን ይዛ አደረች። በማግስቱ ሌላ «ቤቶች» መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ወሬ ሙታን ዘንድም ሳይሮጥ አይቀርም፣ ደጅ የሞተ ሁሉ ቤቷን አወቀ። መልስ መስጠት ብታቆምም እነሱ መግባት አላቆሙም። ፍሬው ጎማው ጭቃ ውስጥ መስመጡን አይቶ ዕቃ አብዝተሽበታል ብሎ ተቆጣት። ዕቃዋ አንድ ፌስታል ነበር።

ቅዳሜ እህቷ የጣቢታን ልጅ ማራኪን ከሞርሲቶ አመጣችላት። ሸራውን ከላይ እስከ ታች አየችና፣ መቼም ጣሪያ ነው ብላ ትታት ሄደች። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ጣቢታ ልጇን አስቀድማ አስገባች፤ ለራሷ ግን መቀመጫ እንኳ አልተረፈም፣ ዝናብ ላይ ቆመች። ከውስጥ የማራኪ ወሬ ይሰማታል።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለች ጣቢታ።

«ጠጋ በሉልኝ አልኳቸው፣ ተጠጉ» አለች ልጅቷ። «ደጎች ናቸው። እናትሽ ገና ናት፣ አንቺ ግን ከእኛ ጋር ነሽ አሉኝ።»

ጣቢታ እጇን ሰድዳ የልጇን ክንድ ያዘች። በረዶ ሆኗል። ስትጎትታት በወዲያ በኩልም የሚጎትት ነበር፤ የእናት ጉልበት ግን ሌላ ነው፣ መንጭቃ አወጣቻት። ሸራውን ባለበት ጥላ ልጇን አቅፋ በጭቃው ሮጠች፣ የድሮ በረንዳዋ ላይ ወጣች። ገላዋን ስታሸት፣ በትንፋሿ ስታሞቃት ከቆየች በኋላ ማራኪ ነፍስ ዘርታ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጣቢታ ጌታን አመሰገነች።

ማራኪ ግን ዝናቡን አይታ አለቀሰች። «ቤት አለኝ አላልሽም?»

ጣቢታ የለበሰችውን አውልቃ ደረበችላት።

«ነገ አክስትሽ ጋ እመልስሻለሁ» አለቻት።