የረቡዕና የዓርብ ልብ

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት የእናቴ ልብ ሰላም ነሣኝ። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሪያድ በሚባል ሰፈር፣ ከውሰር የምትባል ሴት የውበት ሳሎን ነበራት፤ እኔ እዚያ ሙሽሮችን ሒና እቀባለሁ። ድንገት ስልኬ ይጮሃል። «ልደት፣ ድረሽልኝ! ልቤ ሊወጣ ነው!» የጀመርኩትን እግር ትቼ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ወደ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ ሐዋዲስ ወደሚሉት የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እበራለሁ። ስደርስ እናቴ ሸዋአለም መርፌ ተወግታ፣ ልቧ ረግቶ፣ ከነርሷ ጋር ታወጋለች። የምንቀጠቀጠው እኔ ነኝ።

የልቧ ምት እየተዛባ የሚርገበገብባት በሽታ ካደረባት ሦስት ዓመት ሆኗታል። በየጠዋቱ የምትውጠው መድኃኒት አላት። «ትውጫለሽ?» ስላት «እንዴታ!» ትላለች።

በመጨረሻ ከውሰር መረራት። «ኻላስ፣ በቃ፣ ያ ልደት! አንድ ጊዜ እንኳ ሙሽራ ጥለሽ ብትወጪ እንዳትመለሺ» አለችኝ። የምንኖረው በእኔ ደመወዝ ነው። የተናደድኩት ግን በእናቴ ነበር።

አንድ ዓርብ ዕረፍት አግኝቼ ነበርና ልቧ ሲነሣባት አብሬያት ሄድኩ። ዶክተር ሰማሕ የእናቴን ፋይል አገላበጠችና ሣቀች።

«ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ! በእነዚህ ቀናት ምን አለ?»

«ጾም ነዋ!» አለች እናቴ ኮራ ብላ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም። ያለ ውኃ ኪኒን ይዋጣል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«መቼ ጠየቃችሁኝ?»

ደሜ ፈላ። «ዓመት ሙሉ ስታሯሩጪኝ!» ብዬ ጮህኩባት።

እናቴ አንገቷን ደፋች። «ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ያስፈራኛል። ሬሳዬን አንቺ እንዳታገኚው ብዬ ነው የምሮጠው» አለች።

ዶክተሯ የእጇን የደም ሥር ምት ሰዓት እያየች መቁጠር አስተማረቻት። ደረቷን ከወጋት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ከዞረባት ወይም አፏ ከተጣመመ ቶሎ እንድትመጣ፣ እንዲያው ልቧ ሲርገበገብ ግን ቁጭ ብላ እንድትቆጥር ነገረቻት። የንስሐ አባቷ አባ ገብረየስም መድኃኒት ጾም አያስገድፍም አሏት።

ረቡዕ መጣ። ስልኬ አልጮኸም። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። ብደውል አታነሣም፤ ደግሜ ብደውልም አታነሣም። የሙሽራዋን ግራ እግር ጨርሼ ቀኙን ስጀምር እጄ እምቢ አለኝ። ያ የሬሳዋ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ከውሰር እያየችኝ ወጣሁ።

ሐዋዲስ ደረስኩ። «ዛሬስ አልመጣችም፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ ነርሷ። ይህ ይባስ አስደነገጠኝና ወደ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን አንጓዋ ላይ አድርጋ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። ቆዪ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።

«ሰባ ስምንት» አለች ስትጨርስ።

«ስልክሽስ?»

«ሲጮህ ቁጥሩን እያጠፋብኝ ትራስ ሥር ከተትኩት።»

እሷው አጠገብ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ። ሒና የነካውን እጄን ይዛ መቁጠር ጀመረች።

«መቶ ሠላሳ! ምን ሆነሽ ነው?»

ሙሽራዋን ጥዬ እንደመጣሁ ነገርኳት። ተነሥታ ውኃ ሰጠችኝ።

«ጠጪ፣ ልጄ። ለዚህ ሐዋዲስ አይኬድም» አለችና እንደገና ከአንድ ጀምራ ቆጠረችኝ።