የተማረው እስረኛ

አራሚዋ እነዚያን ሰዎች ያገኘቻቸው የንባብ መነጽር ልታሠራ ሄዳ ነው። ይኸው አምስት ዓመት ሞላው። መነጽር ሻጩ ዓይኗን ለክቶ እንደጨረሰ ከሱቁ ጀርባ ካለች ጠባብ ክፍል የጭቅጭቅ ድምፅ ተሰማ። ሰው የተደባደበ መስሏት ቦርሳዋን ሰብሰብ አደረገች። ሰውየው ግን ሳቅ ብሎ፣ «አይዞሽ፣ ስለ መጽሐፍ ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው የሚናጩት» አላት። ጆሮዋን ጣል አደረገች። የሚከራከሩት ስለ አንዲት ቃል ነበር። ያቺን ቃል ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቃት ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ዘጠኙ ወንዞች» የሚባል፣ ከባዕድ ቋንቋ የተተረጎመ ባለ ስድስት ቅጽ ልብ ወለድ አለ፤ ወንዞች የሚናገሩበት፣ ተራሮች በክረምት ቦታ የሚለዋወጡበት። በታሪኩ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ታላቁ ንጉሥ ነው። ታናሹ ልዑል ከጠላት ጋር አብሮ የወንድሙን ከተማ ያቃጠለ ነው። በሦስተኛው ቅጽ መጨረሻ ሁለቱ ድልድይ ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ቅጹም «ንጉሡም ወንድሙን ማረው» ብሎ ያበቃል። አራተኛው ቅጽ ሲከፈት ግን ልዑሉ ግንብ ውስጥ ታስሮ ይገኛል። እንግዲህ አንባቢው ሁሉ ራሱን የሚያከው እዚህ ላይ ነው። ከማረው ምን ብሎ አሰረው?

አራሚዋ መልሱን ታውቀዋለች። ተርጓሚው የጻፉት «ማረከው» ብለው ነው። እሷ በምትሠራበት ማተሚያ ቤት፣ ሦስተኛው ቅጽ ለኅትመት በሚገባበት ዓርብ፣ የመጨረሻው መስመር አልበቃ ብሎ ወደ ሌላ ገጽ ሊሻገር ሆነ። በኮምፒዩተር የምትጽፈው ልጅ መስመሩን አጠባለሁ ስትል «ከ» ከእጇ ጠፋች። ገጹ ለመጨረሻ ጊዜ አራሚዋ ዘንድ ሲደርስ መንጋጋዋ አብጦ፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዋ ሊያልፍባት አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሳታነብ ፈረመች። መጽሐፉ ታትሞ ወጥቶ ገለጥ ስታደርገው ነው ስህተቱ ዓይኗ ውስጥ የገባው። ተርጓሚው በዚያው ሰሞን ታመው ስለነበር፣ ይዩት አይዩት ሳይታወቅ አረፉ።

ወደዚያች ክፍል የገባችው ይህንኑ ልትናገር ነበር። «ይቅርታ፣ እኔ እኮ...» ብላ ስትጀምር አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ወንበር ሳቡላት። እኚህ ሰው «ማስረጃ አለኝ» ሳይሉ ንግግር ስለማይጀምሩ ሁሉም የሚጠራቸው ጋሽ ማስረጃ እያለ ነው። ስለዚያች ቃል ብቻ አርባ ገጽ የሞላ ደብተር ነበራቸው። እንደ እሳቸው አባባል፣ ንጉሡ በእርግጥ ምሯል፤ ልዑሉን ያሰረው ራሱ ልዑሉ ነው። ይቅርታውን መሸከም አቅቶት በገዛ እጁ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ለዚህም ከአራተኛው ቅጽ አሥራ ሰባት ማስረጃ አላቸው፤ የግንቡ ቁልፍ በየትኛውም ገጽ አለመጠቀሱ አንዱ ነው። የደብተሩ ርእስ «የተማረው እስረኛ» ይላል።

«የተማረ? ዩኒቨርሲቲ ነው እንዴ የገባው?» አለች ከጎናቸው የተቀመጠችው ፀጉር ሠሪ። ይህቺን ቀልድ ከዚያ በኋላ በየወሩ ደገመቻት፣ በየወሩም ራሷ ሳቀችባት።

አራሚዋ ሻይዋን ጠጣች፣ ብስኩቷን በላች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እናገራለሁ ብላ ወጣች። በሚቀጥለውም እንደዚያው። በሦስተኛው ወር አንድ ዝምተኛ ሰው፣ የመኪና መንዳት አስተማሪ፣ ብርጭቆውን እያየ እንዲህ አለ፦ «ያቺን መስመር አንብቤ ስጨርስ ለወንድሜ ደወልኩለት። አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈን ነበር።» ከዚህ ወዲያ ምን አፍ አላት? ነገሩን ዋጠችው።

ዘንድሮ ከመጽሐፉ የተሠራው ፊልም መጣ። አምስቱም ቲኬት ቆርጠው በአንድ ረድፍ ተደረደሩ፤ መነጽር ሻጩ እንኳ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ነበር። ገና ከመጀመሩ የወንዞቹ ድምፅ ቀጠነ፣ ንጉሡ ጢሙን ተላጨ እያሉ አጉረመረሙ። ፀጉር ሠሪዋ የንግሥቲቱን ሹሩባ አይታ፣ «ይህን የሠራ ሰው ይከሰስ!» አለች። ድልድዩ ጋ ሲደረስ ግን ሁሉም ጸጥ አሉ። ወንድማማቾቹ ተያዩ። ንጉሡ እጁን ዘረጋ። ጋሽ ማስረጃ ከወንበራቸው ወደ ፊት ሳብ አሉ። ከንጉሡ ጀርባ ወታደሮች ወጡና ልዑሉን በሰንሰለት ጠፍረው እየጎተቱ ወሰዱት።

«ኧረ በሕግ!» ብላ ጮኸች ፀጉር ሠሪዋ።

«እባክሽ እናዳምጥበት» አላት ከኋላ አንድ ሰው። አራሚዋ ጨለማ ስለሆነ አመሰገነች፤ ጉንጯ እሳት ሆኖ ነበር።

ከሲኒማ ቤቱ ወጥተው መንገድ ዳር ቆሙ። «ዘረፉን» አሉ ጋሽ ማስረጃ። «የመጽሐፉን ልብ አውጥተው ጣሉት። ምሕረት ገበያ የለውም ብለው ሰንሰለት አስገቡበት!»

«ምናልባት እነሱ ያነበቡት ከእኛ የተለየ ይሆን?» አለ መነጽር ሻጩ።

«መጽሐፉ አንድ ነው!»

የመኪና አስተማሪው የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ ያዳምጥ ነበር።

በሳምንቱ ጋሽ ማስረጃ ለጋዜጣ የሚላክ ባለ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ይዘው መጡ። አምስቱም ሊፈርሙበት ነው። «ከመፈረማችን በፊት ግን አንቺ እዪልኝ» ብለው ለአራሚዋ ሰጧት። «አደባባይ የሚወጣ ነገር ነው፤ ስህተት ተገኝቶበት እንዳያሳፍረን።»

ሰኞ በምሳ ሰዓት ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። ከታች የማተሚያው ማሽን ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ ባልደረቦቿ ለምሳ ወጥተዋል። ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ እንደ ልማዷ ከላይ ጀመረች። የተደጋገመ ቃል ሰረዘች፣ የጎደለ ነጥብ ሞላች፣ ጋሽ ማስረጃ የፊልሙን ሠሪዎች «ሌቦች» ያሏቸውን ስህተት ባይሆንም «ባለሙያዎች» አደረገችው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረሰች። «መጽሐፉ በማያሻማ ቃል "ማረው" ይላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር።

እስክሪብቶዋ ቆመ። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ሳታየው ያመለጣት ስህተት ብዙ ነው፤ እያየች የፈረመችበት ግን አንድም የለም። አሁን ግን እያወቀች ስሟን ልትፈርምበት ነው። ምሳዋ ሳይከፈት ቀረ። በመጨረሻ በ«ረ» እና በ«ው» መካከል የማስገቢያ ምልክቷን አደረገች፤ ኅዳጉ ላይ «ከ» ጻፈች።

ቅዳሜ ጋሽ ማስረጃ ደብዳቤውን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው አነበቡ። ጣታቸው ኅዳጉ ላይ ቆመ። «ይህቺ ምንድን ናት?»

«ፊደል ናት ጋሼ። እኔ የጣልኳት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዓርቡን፣ ጠባቡን መስመር፣ ያበጠውን መንጋጋዋን ሳይቀር።

ፀጉር ሠሪዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «በጥርስ! በጥርስ ምክንያት!» አለች። ከዚያ ሳቋ እንደ ውኃ ቧንቧ ቀጥ አለ። «ቆይ ቆይ፣ እትዬ። አምስት ዓመት ሙሉ እዚህ ተቀምጠሽ፣ ብስኩታችንን እየበላሽ፣ ስንጃጃል ታዪን ነበር?»

«ስቄባችሁ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ስታደርጊ ነበር?»

«ስሰማችሁ ነበር» አለች አራሚዋ። «ስህተቱ ከእናንተ አፍ ሲወጣ ከትክክለኛው ይልቅ ያምራል። ምን ላድርግ?»

ጋሽ ማስረጃ ይህን ሁሉ የሰሙ አይመስሉም። «እንግዲያ ልዑሉ...» አሉ።

«እስረኛ ነው ጋሼ።»

«ዝም ብሎ እስረኛ?»

«ዝም ብሎ።»

ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ። ቀጥሎ የመኪና አስተማሪው ተነሣ። አራሚዋ የፈራችው እሱን ነበርና ተከትላው ሮጠች። «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ አናቱ ላይ የተገጠመ መኪናው ጋ ደረሰችበት።

«ግቢ» አላት። ወደ ተሳፋሪው በር ስትሄድ፣ «እሱ የእኔ ነው፣ የእኔ ፍሬን እዚያ ነው» አለና መሪው ጋ አስቀመጣት። መኪና ነድታ የማታውቅ ሴት መሪ ጨብጣ ፊት ለፊቷን አፍጥጣ ቀረች።

«ወንድምህን...» አለች። «እንግዲህ በእኔ ስህተት...»

«ቆይ ልንገርሽ። ያኔ ወንድሜ ለምን እንደደወልኩ ሲጠይቀኝ የምለው ባጣ ሦስቱን ቅጾች ወስጄ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? "ይሄ ነገር ስህተት አለበት። ይህ ንጉሥ ሦስት ቅጽ ሙሉ ማንንም ምሮ አያውቅም፤ ዛሬ ከየት አመጣው?" አለኝ።»

አራሚዋ ከመሪው ላይ እጇን አነሣች። «ነቅቶበታል?»

«ግንበኛ ነው። የተጣመመ ነገር ዓይኑን አያልፍም። እኔ ተናደድኩ። "እኔስ ብሆን ከየት አመጣሁት?" አልኩት። እሱ ደግሞ፣ "አንተማ ከንጉሡም ትብሳለህ" ብሎ ሳቀብኝ። ያን ቀን ነው እንደ ድሮው የሳቅነው። ስደውልለትማ የተነጋገርነው ስለ ጤናችን ብቻ ነበር።»

«ታዲያ እሱ ያለህን ለምን አልነገርከንም?»

«ጋሽ ማስረጃ አርባ ገጽ ጽፈው?» አለና በሁለት እጁ ጉልበቱን መታ አደረገ። «ምን ብዬ?»

ለካ ያን ነገር ይዞ የተቀመጠው እሷ ብቻ አልነበረችም። ከኋላ የመጣ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ አስተማሪው በመስኮቱ እጁን አውጥቶ «እለፍ፣ ተማሪ ናት» አለው።

ጋሽ ማስረጃ ሁለት ቅዳሜ ቀሩ። ፀጉር ሠሪዋ ትመጣለች፤ ግን የብስኩቱን ሳህን አራሚዋን እየዘለለች ታሳልፋለች። በሁለተኛው ቅዳሜ ረስታ አቀበለቻት፣ ትዝ ሲላት ደግሞ፣ «በይ እንግዲህ፣ ብዪ» አለቻት።

በዚሁ መሐል አሳታሚው መጽሐፎቹን የፊልሙን ሥዕል ሽፋን አድርጎ እንደገና ሊያሳትም ወሰነ። የሦስተኛው ቅጽ ገጾች ማክሰኞ ጠዋት አራሚዋ ጠረጴዛ ላይ ደረሱ። ሐሙስ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ዘበኛው ስልክ ደወለ፤ አንድ አዛውንት ይፈልጉሻል አላት። ጋሽ ማስረጃ ደረጃውን እያረፉ ወጡ። ወሬውን ከመነጽር ሻጩ ሰምተዋል።

«ደረስኩበት ወይስ አለፈኝ?» አሉ ከመቀመጣቸው።

«ደርሰውበታል። ይኸው።»

ገጹን አዩት። «ማረው» አሁንም እንደነበረች ናት። «አንቺ ካልነካሽው የሚያውቅ የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው ለምዶታል። ወዶታልም። ተዪው።»

«የተርጓሚው ቃል ነው፣ ጋሼ። እሳቸው የሉም። ይህ ቃሌ አይደለም ብለው ሊከራከሩኝ አይችሉም።»

«እኔ ግን አለሁ፤ እከራከርሻለሁ።»

«ይከራከሩኝ።»

ጋሽ ማስረጃ መስኮቱን፣ የተከመረውን ወረቀት፣ የእሷን እስክሪብቶ ተራ በተራ አዩ። «ደብተሬንስ ምን ላድርገው?» አሉ በመጨረሻ።

«ያስቀምጡት እንጂ። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከአራተኛው ቅጽ ይበልጣል።»

«አትደልይኝ» አሉ፤ ሆኖም ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ።

አራሚዋ ምልክቷን አደረገች፣ ፊደሏን ጻፈች፣ ገጹ ግርጌ ላይ ፈረመች። እሳቸው እስክሪብቶው ከወረቀቱ እስኪነሣ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ ሌላም አለ?»

«ምን?»

«እንዲህ ያለ ስህተት። በስድስቱም ቅጽ ውስጥ።»

አራሚዋ ዓይኗን ወደ መደርደሪያው ላከች። ጋሽ ማስረጃ እጃቸውን አወዛወዙ። «ቢኖርም አትንገሪኝ!» ብለው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አንስተው እስከ ደረጃው ሄዱ። የእግራቸው ኮቴ ሦስተኛው እርከን ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይተው ተመልሰው መጡና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉት።

«እሺ፣ አንዱን ብቻ» አሉ።

አራሚዋ ከመደርደሪያው ሁለተኛውን ቅጽ አወረደች። «በረዶ ውስጥ የሞተው ፈረስ ትዝ ይልዎታል?»

«አልሞተም እንዳትዪኝ» አሉ ጋሽ ማስረጃ፣ ግን አጎንብሰው ገጹን መፈለግ ጀምረው ነበር።