የዣንዶስ ባልዲ

ያንን ማሽን ቤቴ ውስጥ ማየት አልፈልግም ነበር። ጀልባ ላይ የሚገጠም፣ ዓሣ የት እንዳለ የሚያሳይ ዕቃ ነው፤ ምስል የሚታይበት መስኮቱ ከመዳፌ አይበልጥም። ትልቁ ልጄ ኤርቦል ከሐይቁ ማዶ ሊያመጣው ሄዶ ነው የቀረው። ሲመለስ የሐይቁ በረዶ ተሰብሮ ከነሞተር ብስክሌቱ ዋጠው። ሊሰምጥ ሲል ዕቃውን ከነካርቶኑ ወደ ጠንካራው በረዶ ወርውሮታል። ሰዎቹ ሲደርሱ ካርቶኑ ምንም ሳይሆን ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። ሞተሩን በሜንጦ ጎትተው አወጡት። ልጄን ግን ከበረዶው ሥር የሚሄደው ውሃ ወስዶታል።

የላከው ታናሹ ዣንዶስ ነው። በመንደራችን ቴሌቪዥንም ራዲዮም የሚጠግን እሱ ነው፤ እጁ አርፎ አያውቅም። "አምጣልኝ እንጂ፣ በረዶ ላይ ይዘነው እንድንዞር አድርጌ እሠራዋለሁ፤ ዘንድሮ ባዶ እጃችንን አንገባም" ብሎ ሲለምነው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ሲያስፈልገኝ "አንተ" እለዋለሁ፣ ሳያስፈልገኝ ግድግዳውን አያለሁ። ልጇን ውሃ የበላባት ሴት ደግ መሆን አለባት የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

በአገራችን ወግ ለለቅሶው የሚታረደው ፈረስ ግቢዬ ታስሮ ገብስ ይበላል። ሬሳ በሌለበት ምን ለቅሶ አለ? ኢማሙ መጥቶ "ያለ ሬሳም ይሰገድለታል፣ ባቲማ" አለኝ። "ለእርስዎ ልጅ እንደዚያ ያድርጉለት" አልኩት። ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ሄደ። የእኔ ልጅ ከአባቱ ጎን አፈር ይለብሳል፤ ሌላ ነገር አልፈለግሁም። ፀደይ ገብቶ በረዶው ከተሰበረ ደግሞ አበቃ። ሐይቃችን ዛይሳን ውሃውን ለወንዙ ይሰጣል፣ ወንዙ ወደ ግድቡ ይነዳል፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ጣቱን አላገኝም።

አንድ ቀን ከበግ በረቱ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ሽቦና ብሎን ተዘርግቷል።

"ምንድነው ደግሞ ይሄ?"

"ባልዲ ነው፣ እማ።"

"ባልዲ መሆኑንማ እኔም ዓይን አለኝ! ጎመን የማኮመጥጥበት ባልዲ ነው።"

"ጎመኑን ድስት ውስጥ ገልብጬዋለሁ።"

ክዳኑን ቀዶ መስኮቱን ገጥሞበታል። ከሥር የሞተር ብስክሌት ባትሪ አስቀምጧል። ከጎን በወጣው ሽቦ ጫፍ ላይ የሳሙና ያህል ጥቁር ነገር አለች፤ እሱ ጆሮ ይላታል። ጆሮዋን በአሮጌ የበረዶ መንሸራተቻ ዱላ ጫፍ እያሰረ ነበር።

"ይህቺ ውሃ ውስጥ ድምፅ ትልካለች" አለኝ፣ ሳያየኝ። "ድምፁ የነካውን ነክቶ ይመለሳል። ወለሉ እንደ ወፍራም መስመር ይታያል። ዓሣ ከሆነ መስመሩ ላይ ጭረት ጭረት ይላል። ወለሉ ላይ የተኛ ነገር ካለ ደግሞ..."

"ጨርስ እንጂ!"

"ጉብታ ይሆናል፣ እማ።"

ምድጃው አጠገብ ዲልዳ ተቀምጣ ነበር። ጎረቤቴ ናት፤ ባሏን ያው ሐይቅ ከወሰደባት አራት ዓመት ሆኗታል፣ አልተገኘም። ሚስትም አይደለች፣ ባሏ የሞተባትም አይደለች። ኤርቦል ከሞተ ጀምሮ በየቀኑ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ አንድ ቃል አትተነፍስም። ያን ቀን ዓይኗን ከባልዲው ላይ አልነቀለችም። ቆሽቴ አረረ። በገዛ ሐዘኔ ላይ ምን ትፈልጋለች ብዬ ዳቦዋን ሳልነካ አሳደርኩት።

ዣንዶስ በማግስቱ ብቻውን ወጥቶ ቀትር ላይ ተመለሰ። የጣቶቹ ጫፍ ነጭ ሆኗል።

"ባትሪው በብርዱ ሞተብኝ" አለ። "መስኮቱ ትንሽ በራና ጠፋ።"

የኤርቦልን መኝታ ገለጥኩና ከሥሩ የሚነጠፈውን የተዳመጠ ሱፍ አወጣሁ። የልጄ ጠረን አለበት። በመቀስ ቆረጥኩት፣ በወፍራም መርፌ ሰፋሁት፣ ለባትሪው ካፖርት አደረግሁለት። ስሰፋ አለቀስኩ፣ ስቆርጥም አለቀስኩ። ዣንዶስ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ያየኛል። "አንተ፣ እንካ" ብዬ ወረወርኩለት።

ከዚያ በኋላ ወንዶቹ ሁሉ የበረዶ መሰርሰሪያቸውን ይዘው ወጡልን። ሞተሩ ከወጣበት ቦታ ተነስተን ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ በየጥቂት እርምጃው መብሳት ነው። እኔም አልቀረሁም። ዲልዳም ከኋላዬ ትመጣለች። ከዓሣ አጥማጆቹ በዕድሜ የሚበልጠው ቶሌገን ነው፤ አፉ አያርፍም።

"ባቲማ፣ ይሄ ባልዲ ሾርባም ይሠራል?"

"ያንተን አፍ መክደኛም ይሠራል።"

"እንግዲያስ ሰፋ ያለ ክዳን ያስፈልገዋል!"

ሰዎቹ ሳቅ ሲሉ እኔን አይተው ወደ መሰርሰሪያቸው ይመለሳሉ። ዣንዶስ በየጉድጓዱ ይንበረከካል፣ ጆሮዋን ይሰዳል፣ ቀጥ ብላ ወደ ታች እንድታይ ዱላውን ያስተካክላል፣ መስኮቱን ያያል። ራሱን ይነቀንቃል። ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ወለሉ ሜዳ ነው፤ ጉብታም የለ፣ ዓሣም የለ። ያን ዓመት ሐይቁ ጨክኖ ነበር፣ አንድ ቤት እንኳ ዓሣ የጠገበ አልነበረም። ሰዎቹ ለእኔ ብለው ሲበሱ ሰነበቱ፤ ልጆቻቸው ቤት ውስጥ ደረቅ ዳቦ ይበላሉ። ይሄን አውቃለሁ፣ አንጀቴንም በልቶታል።

በረዶው ከላይ መቅለጥ ጀምሮ፣ ቦት ጫማችን ውሃ ሲረግጥ፣ ዣንዶስ አንድ ጉድጓድ ላይ ቀና ሳይል ቆየ።

"ምንድነው? ጉብታ ነው?"

"አይደለም፣ እማ። ዓሣ ነው። ወለሉ ራሱ አይታይም፣ ከላዩ ላይ ጥቅጥቅ ብሏል።"

ሰዎቹ ተንጋግተው መጡ። ቶሌገን መስኮቱን አይቶ ቆቡን አወለቀ። "ያ አላህ! ሁሉም እዚህ ተሰብስበው ኖሯል!" አለና ወደ እኔ ዞረ። የዓሣ ነገር ሊጠይቀኝ አፍሯል።

"መንጠቆ ጣሉ" አልኩ። "ልጆቻችሁ ይብሉ። ጣሉ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?"

መንጠቆው ወርዶ ሳይጨርስ ተያዘ። ጢማሙን ዓሣ አወጡ፤ ያንን ለስላሳውን፣ በብርድ ወራት የሚወፍረውን። ሌላ አወጡ። ደግሞ ሌላ። "ኧረ ይሄ ሆዱ ብቻ በግ ያህላል!" ይላል አንዱ። ይጯጯሃሉ፣ ይገፋፋሉ። ዣንዶስ ባልዲውን አቅፎ ፈገግ አለ፤ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ጥርሱን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ለአፍታ ደስ አለኝ፤ አፌ ቁርጥ ይበል፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ አንዱ ዓሣ እግሬ ሥር ወደቀና ሆዱን አየሁ። ተወጥሯል። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ፣ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የጢማሙን ሆድ ስዘረግፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ከወለል ነው የሚበላው። የሞተ አይንቅም። ሐይቁ በሙሉ ባዶ ሆኖ እዚህ ብቻ ለምን ተሰበሰበ?

"ተዉት" አልኩ። በጩኸታቸው አልሰሙኝም። "ተዉት! ጣሉት ብያለሁ!"

መጀመሪያ የገባው ቶሌገን ነው። የያዘው ዓሣ ከእጁ አመለጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። ዣንዶስ መስኮቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ባልዲውን ከእቅፉ አወረደ።

በረዶውን በመጋዝ ከፍተው ሜንጦ ሰደዱ። ልጄ ወጣ። ፊቱን አላሳዩኝም፣ እኔም እስቲ ልይ አላልኩም። እግሩን አሳዩኝ። ካልሲውን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ አወቅሁት። ቶሌገን ዓሣዎቹን በሙሉ በእግሩ እየገፋ ወደ ጉድጓዱ መለሰ፤ አንድም ሰው አንድም ዓሣ ቤቱ አልወሰደም።

ቀበርነው፤ ከአባቱ ጎን። ፈረሱም ታረደ። ኢማሙ ቂም ሳይዝብኝ መጥቶ አሰገደ። እንግዳው ሁሉ ሲበተን ዣንዶስ ባልዲውን ግቢ አውጥቶ መጥረቢያ አነሳ። አልከለከልኩትም። እኔ ራሴ ብፈልጠው ደስ ይለኝ ነበር።

ዲልዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዳቦ አልያዘችም።

"ዣንዶስ" አለች፣ ቀስ ብላ። "የእኔንም ያሳይ ይሆን?"

መጥረቢያው አየር ላይ ቀረ። "እትዬ ዲልዳ... አራት ዓመት እኮ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ወለሉ ላይ ምንም..."

"ያሳያል" አልኩ። በመካከላቸው ገብቼ መጥረቢያውን ከእጁ ተቀበልኩት። "ለምን አያሳይም? ነገ ዣንዶስ ይዞት ይወጣል። አንቺም ወፍራም ነገር ልበሺ፣ በረዶው ላይ ነፋስ አለ።"

ስሙን ሲሰማ ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ዲልዳ እጄን ሳመችና ወደ ቤቷ ሮጠች ማለት ይቻላል።

"እማ፣ ምንም አናገኝም እኮ" አለኝ።

"አውቃለሁ፣ ዣንዶስ። አንተ ብቻ ጉድጓዱን ብሳላት።"

ባትሪውን ከነካፖርቱ አንስቼ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት።