ካርድ የተኮስኩ ሰሞን

እኔ የተዝረከረከ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። እናቴ በሦስት ዓመቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ አክስቴ፣ «ይቺ ልጅ ገነት ብትገባ እንኳ መጀመሪያ ወንበሩን ነው የምታስተካክለው» እያለች ታሾፍብኛለች። ስለዚህ የሰፈራችን ሆስፒታል የካርድ ክፍሉን ወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ የኮንትራት ሠራተኛ ሲፈልግ፣ ሥራው በልኬ የተሰፋ መሰለኝ።

ካርድ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ ሺህ ወፍራም ካርድ፣ በአንድ በኩል ደግሞ ታካሚ ጎንበስ ብሎ የሚነጋገርባት ትንሽ መስኮት አለች። ካርዶቹን እየከፈትኩ ሳነብ የማየው ሁሉ ጉድ ነበር። አንዱ ሐኪም «ደም ግፊት» ይላል፣ ሌላው «ደም ብዛት»፣ ሦስተኛው ሽቅብ የሚሄድ ቀስት ስሎ ያልፋል። አንዲት ሴትዮ ለአሥራ ሁለት ዓመት አርባ ዓመቷ ነው። አንድ ሹፌር በዓይን ክፍል፣ በአጥንት ክፍልና በድንገተኛ ሦስት ካርድ አለው፤ በአንዱ ክብደቱ ሃምሳ ስምንት ኪሎ፣ በሌላው ሰማንያ አምስት፣ ያውም በአንድ ሳምንት ውስጥ። የኔ ሥራ ሦስቱን ሹፌሮች አንድ ሰው ማድረግ ነበር፤ ለአንድ በሽታ አንድ ስም፣ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ነገር የራሱ ሳጥን፣ የትኛውም ሐኪም ከየትኛውም ክፍል ከፍቶ እንዲያነበው። ሳልዋሽ፣ ሥራውን ወደድኩት።

ችግሩ ስካነሩ ነበር። ጥጉ የተጣመመ ካርድ ሲያገኝ አኝኮ ይተፋዋል፤ ካርዶቹ ደግሞ ግማሾቹ ጥጋቸው የተጣመመ ነው። በሦስተኛው ቀን ከቤት ካውያ ይዤ መጣሁ። ለሙከራ የራሴን ካርድ ፈልጌ አወጣሁ፤ የተወለድኩት እዚሁ ነውና፣ ቢቃጠልም የራሴ ይቃጠል ብዬ። «ያመጣት፦ እናቷ» የሚለው መስመር ላይ ትንሽ ቆየሁ፣ ከዚያ ተኮስኩት። ቀጥ አለ። መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ሌሎቹ ሄድኩ። ሳምንት ሳይሞላ የበሩ ጥበቃ «ካውያ» የሚል ስም አወጣልኝ፣ እኔም ኮራሁበት።

ሌላም የኮራሁበት ነገር አለ። ሲስተሙ «የመድኃኒት አለርጂ» የምትል ሳጥን አለችው፤ ካልሞሏት አታሳልፍም። ምርጫው ሦስት ነው፦ አለ፣ የለም፣ አይታወቅም። ካርዶቹ ላይ ስለዚህ ነገር የተጻፈ የለም ማለት ይቻላል፣ ቅጹ ሲታተም ቦታ አልተተወለትም። «አይታወቅም» ያልኩ እንደሆነ ደግሞ ሲስተሙ ሥራው አልተጠናቀቀም ብሎ በቀይ ያሳየዋል። አለቃችን፣ የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ፣ ቀይ ሲያይ ምግብ አይወርድለትም። ካልተጻፈ የለም ማለት ነው አለኝ፤ እኔም ለማመን ጊዜ አልፈጀብኝም። አንድ ቁልፍ ተጫንኩና አሥራ አንድ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ከአለርጂ ነጻ ወጣ። ገጹ አረንጓዴ ሆነ። አለቃችን ሻይ ጋበዘኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የክፍሉ ባለቤት አልነበሩም። እትዬ ካርድ፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው፣ ካርድ ክፍሉን ሠላሳ አንድ ዓመት ይዘውታል። ጡረታቸው ሁለት ወር ሲቀረው የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው አምስት ሳምንት ቤት ዋሉ። እሳቸው የተመለሱት፣ ሐኪሞች በኮምፒውተር ብቻ መሥራት በጀመሩበት ሰኞ ነው፤ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኗል።

ገና ወንበራቸው ላይ ሳይደላደሉ አንዲት እናት ጉሮሮዋ ያበጠ የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መስኮቱ ጋ መጣች። እኔ ቁጥሯን ሰጥቼ በቀጥታ ወደ ልጆች ክፍል ላክኋት። እትዬ ካርድ የልጅቷን ካርድ ለምን ወደ ላይ እንዳልላክሁ ጠየቁኝ። ወረቀት ከእንግዲህ ደረጃ እንደማይወጣ፣ ይልቁንም ዓርብ መኪና መጥቶ ካርዶቹን በሙሉ ወደ ወረቀት ፋብሪካ እንደሚወስድ አስረዳሁ። ተነሥተው፣ ከዚያ ሁሉ መሃል ያቺን ካርድ ብድግ አድርገው፣ የላይኛውን ቀኝ ጥግ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ደግመው ዳሰሱት።

«እጥፋቱ የት ሄደ?» አሉኝ።

«ተኮስኩት» አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅሁ።

በዚያ ዕድሜ፣ በአንድ ዓይን፣ ደረጃ እንደዚያ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እየሮጥኩ ተከተልኳቸው። መርፌ ክፍል ስንገባ ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች፣ ሲስተር መድኃኒቱን ቀድታ ጨርሳለች፣ ስክሪኑ ላይ ደግሞ የኔ «አለርጂ፦ የለም» በአረንጓዴ ያበራል።

«ሲስተር፣ አንዴ ቆዪ» አሉ እትዬ ካርድ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «እናትየዋን ጠይቂያት።»

እናትየዋ ግራ ገባት። አምና ሌላ ከተማ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ሳለ ልጅቷ ፔኒሲሊን ተወግታ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ለትንሽ ነው የተረፈችው። ሲመለሱ ይህንኑ ለካርድ ክፍሏ ሴትዮ በመስኮቱ ነግራለች። ዛሬ ሲስተር ስክሪኑን አይታ ሳትጠይቃት ስትቀር፣ ያውቁታል ማለት ነው ብላ ዝም አለች። ሲስተር መርፌውን ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠች።

ደረጃውን ስንወርድ ነገሩን አወቅሁት። እትዬ ካርድ ወጣት ሳሉ አንዲት እናት የነገረቻቸውን በስክሪብቶ ካርዱ ላይ ጻፉት። ሐኪሙ አይቶ፣ ካርድ ክፍል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆነው ብሎ በሰው ፊት አዋረዳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አይጽፉም፤ ያጥፋሉ። የላይኛው ቀኝ ጥግ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ልክ፣ ቀጥ ተደርጎ ከታጠፈ፣ ይህን ሰው መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁት ማለት ነው። ሲስተሮቹ ያውቁታል፣ ነባሮቹ ሐኪሞች ያውቁታል፣ የትም አልተጻፈም። «ጆሮውን ቆንጠጥ አድርጌዋለሁ» ይሏቸዋል፣ ይበቃል።

አፍሬ ቀና ማለት አቃተኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያች መስኮት የተነገረውን ሁሉ በአምስት ሳምንት ተኩሼ ጨርሼዋለሁ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወንበራቸው ላይ እስኪቀመጡ ጠብቀው፣ «ካውያሽስ መልካም ነው» አሉኝ። «የኔንም ቀሚሶች ይዤልሽ እመጣለሁ።»

ወዲያው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩና በአንድ ቁልፍ ያደረግሁትን በአንድ ቁልፍ አፈረስኩት። አሥራ አንድ ሺህ «የለም» አሥራ አንድ ሺህ «አይታወቅም» ሆነ፣ ገጹ ከዳር እስከ ዳር ቀላ። አለቃችን እየሮጠ መጣ። ሪፖርቱ ለበላይ እንደተላከ፣ የመኪናው ቀን እንደማይለወጥ፣ እኔም ኮንትራቴ እንደማይታደስ አከታትሎ ነገረኝ። እውነቴን ነው፣ በሌላ ቀን ቢሆን እለማመጠው ነበር። ያን ቀን ግን የልጅቷ ያበጠ አንገት ከዓይኔ አልጠፋም። የታጠፉትን ሰዎች ሳናገኝ መኪናው ከመጣ ለዘላለም ጠፍተዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንደ ዛሬዋ ልጅ ባለዕድል ላይሆን ይችላል አልኩት። እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ የፈለጋችሁትን ሁኑ ብሎ ወጣ።

ግን ምን እንፈልጋለን? ስካን ያደረግናቸው ምስሎች ላይ እጥፋቱ የለም፤ ማሽኑ አቧራና ጭረት እንዲያነጣ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ወረቀቱም ተተኩሷል። እትዬ ካርድ አንድ ካርድ አንሥተው፣ ደህናውን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥጉን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው አሹት።

«አለ» አሉ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

እኔ ጣቴ አልተማረም፣ ምንም አይሰማኝም። ግን የጠረጴዛ መብራቱን አጋድሜ ብርሃኑ ወረቀቱን ከጎን እንዲነካው ሳደርግ፣ ካውያው ያስተኛው እጥፋት ውስጥ የዓመታት እድፍ እንደ ቀጭን ክር ተጋድሞ አየሁት። እንዲሁ በአያያዝ የተጣመመው ጥግ ጠማማ ምልክት ነው ያለው፤ የሳቸው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

ከማክሰኞ ጀምሮ እሳቸው በጣት፣ እኔ በመብራት ካርዶቹን አንድ በአንድ አየናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነበር። ሲስተር በምሳ ሰዓቷና ማታ ከሥራ ስትወጣ እየወረደች ላገኘናቸው ሰዎች ስልክ ትደውላለች፤ የትኛው መድኃኒት፣ መቼ፣ ምን ሆናችሁ ብላ ትጠይቃለች፣ ሐኪሙ አይቶ ያጸድቀዋል፣ እኔ ሳጥኗን እሞላለሁ። ጡረተኛ አናጢ፣ ሁለት ልጅ የወለደች ፀጉር ሠሪ፣ አሁን ራሱ ሐኪም የሆነ አንድ ጎረምሳ። አንዳንዱ ነገሩን ረስቶታል፣ እናቱ ከጎኑ ስልኩን ተቀብላ ነው የምትናገረው። አንዲት እናት፣ እስካሁን ይዛችሁልኝ ነበር እንዴ ብላ ስልኩ ላይ አለቀሰች።

ረቡዕ ከሰዓት አለቃችን እጅጌውን ሰብስቦ መጣና ካርዶች ማቀበል ጀመረ። ለሻይ እረፍት ስናደርግ እትዬ ካርድ ስክሪኑን በአንድ ዓይናቸው ሲያዩ ቆዩ። ከአለርጂ ሳጥን ቀጥሎ «ምንጭ» የሚል ሳጥን አለ፤ ማን ነገረን ነው ጥያቄው። ምርጫው ሐኪም፣ ላቦራቶሪ፣ ታካሚው ራሱ ይላል።

«እናትስ የታለች?» አሉ።

አለቃችን ዝርዝሩ ደረጃውን የጠበቀ እንደሆነ፣ እንደፈለጉ እንደማይጨመርበት ሊያስረዳ ሞከረ። እሳቸውም የስምንት ወር ሕፃን ራሱ ተናገረ ብለን እንጻፍ ወይ ብለው ጠየቁት። ሳቀ። ከዚያ ለበላዮቹ ደወለ፣ ደጋግሞ ደወለ፣ ሐሙስ ጠዋት ስንገባ ዝርዝሩ ላይ «እናት» የሚል አራተኛ መስመር ተጨምሮ ነበር።

ዓርብ ቀትር ላይ መኪናው በር ላይ ቆመ። ሦስት መቶ አርባ ስድስት ሰዎች አግኝተናል። ካርዶቹ በሳጥን ታሽገው ተደርድረዋል፣ የቀረው እትዬ ካርድ የርክክብ ወረቀቱ ላይ መፈረማቸው ብቻ ነው። እሳቸው ግን ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር አስተያይተው ብዕሩን አስቀመጡ።

«አንድ ይጎድላል» አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት አጉድዬ አላስረከብኩም።»

ቆጥረን ቆጥረን ደከመን። ሹፌሩ ሁለቴ ክላክስ አደረገ። መደርደሪያ ስር ተንበርክኬ ስፈልግ ነው ትዝ ያለኝ። መሳቢያዬን ከፈትኩ፤ ከካውያው ጨርቅ ስር ነበር፣ ለሙከራ የተኮስኩት፣ የራሴ። በሠራሁት ሞኝነት እየሳቅሁ ሰጠኋቸው።

ተቀብለው ወደ ሳጥኑ ሊከቱት ሲሉ አውራ ጣታቸው እንደ ልማዱ ወደ ጥጉ ሄደ። እዚያው ቆመ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ እትዬ።»

ካርዱን ከመብራቱ ስር አደረጉልኝ። ክሯ ነበረች፣ ቀጥ ያለች። ካርዱ ላይ የሰፈረው የመጨረሻ ቀን የዓመት ከአራት ወር ልጅ ሳለሁ ነው፣ ያኔም ያመጣችኝ እናቴ ናት። አክስቴ ስለዚህ ነገር ነግራኝ አታውቅም፣ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ከእናቴ ያለኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ድምፅዋ እንኳ ምን ዓይነት እንደነበር አላስታውስም። እንደምንም ብዬ፣ ያስታውሷት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

ሊዋሹልኝ ይችሉ ነበር። አልዋሹኝም።

«አላስታውሳትም፣ ልጄ» አሉኝ። «በዚያች መስኮት ስንት እናት አለፈች። ግን ሳልነገር አላጥፍም።»

እዚያው ሳጥኖቹ መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ። ያዘነ ሰው ለቅሶ ብቻ አልነበረም። እናቴ አንድ ቀን እኔን ታቅፋ፣ በዚያች መስኮት ጎንበስ ብላ፣ ይቺን ልጅ ተጠንቀቁልኝ ብላለች፤ ቃሏም እኔው በእሳት እስክሄድበት ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ ሳይለቅ ጠብቆኛል።

ሲስተር ለሰኞ የምርመራ ቀጠሮ ያዘችልኝ፣ እስከዚያ ማንም በመርፌ እንዳይነካሽ ብላ አስጠነቀቀችኝ። ዓይኔን ጠራርጌ ስሜን በኮምፒውተሩ ከፈትኩ። አለርጂ፦ አይታወቅም፣ ሰኞ እስኪጣራ። ቀጥሎ ምንጭ ሲል ዝርዝሩ ወረደ። ሐኪም። ላቦራቶሪ። ታካሚው ራሱ። እናት።

ተጫንኩት።

ካርዱን ለሹፌሩ ልሰጥ ተነሣሁ፣ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ጥጉን በድሮው መስመር መልሼ አጠፍኩት። አላስቸገረኝም፣ መንገዱን ያውቀዋል። እትዬ ካርድ በአንድ ዓይናቸው አዩኝ፣ ብዕሩን አነሡ፣ ከፊርማቸው በላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «አንድ ይጎድላል» ብለው ጻፉና ፈረሙ።