ሰሌዳው ይጠራል፣ ሰውየው ይደበዝዛል

መጀመሪያ ያነሣኋቸው አሥራ አንድ ፎቶግራፎች አንዳቸውም አልጠሩም። ይህን የምጽፈው ከደብተሬ እያየሁ ነው። ሰኞ፣ የካቲት 22 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ አሥራ አንድ ፎቶ፣ አሥራ አንዱም ደብዛዛ።

ካሜራውን ያዋሱን ለሐይቆቹ ጥናት የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ፊልም አይጎርስም፤ የሚያነሣውን በፍሎፒ ላይ ያስቀምጣል። መጠኑም ክብደቱም እንደ ጡብ ነው። የእኔ ሥራ የአባያን፣ የጫሞንና የሁለት ወንዞችን፣ ውኃ ውስጥ የተተከሉ የከፍታ መለኪያ ሰሌዳዎች ፎቶ አንሥቼ ለሪፖርቱ ማቅረብ ሲሆን፣ ካሜራውን የምመልሰው መጋቢት 10 ቀን ዓርብ ነበር። ከዚያ በፊት ካሜራ ነክቼ አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃ ስለካ ኖሬያለሁ።

ቤቲ፣ የመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ፣ ፍሎፒውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከትታ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው።

«ጋሼ ሸዋንዳኝ፣ የጌዞ ተራራን ጉም ነው እንዴ ያነሡት?»

«ሰሌዳው ነው።»

«የቱ ጋ?»

ጠቆምኳት። አንገቷን አዘንብላ አየችና ሳቋን ዋጥ አደረገች። ካሜራው ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ሳየው ግን ጥርት ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርቴ ይህ ሆነ፤ ትንሽ መስኮት ጥፋትን ይደብቃል።

ደብተሬን በስድስት ዓምድ ከፈልኩ፦ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ርቀት በእርምጃ፣ ብርሃን፣ ድጋፍ፣ ጥራት። በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ እለውጣለሁ፤ ሁለት ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ክርኔን ከጎድኔ ሳጣብቅ ተሻለ። ካሜራውን ድንጋይ ላይ ሳስደግፍ ይበልጥ ተሻለ። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጭኜ ካሜራው ዓይኑን እስኪያስተካክል ስጠብቅ፣ ከዚያም ትንፋሼን አውጥቼ ቀስ ብዬ ስጨርሰው፣ ሰሌዳው ላይ ያሉት ቁጥሮች ተነበቡ። የመስተዋቱን አቧራ በሸሚዜ ጫፍ መጥረጌን ትቼ በንጹሕ ጥጥ ጠረግሁ። ሰኞ የካቲት 29፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ፎቶ ቁጥር 27፦ «ጠርቷል።» ቤቲ አጨበጨበችልኝ። ማታ ሲቀላ ሰፈር፣ ቤቴ ገብቼ ይህን ለማን እንደምነግር አሰብኩ። ባለቤቴ በለጥሽ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ ልጅ አልወለድንም። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ቤቴ ውስጥ ድምፅ ያለው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው።

ረቡዕ ወደ አባያ ወረድኩ። ረቡዕ ረቡዕ የንባቡን ቅጽ ከጋሼ ዘካሪያስ የምቀበልበት ቀን ነው። ጋሼ ዘካሪያስ የኦቾሎ፣ የደጋው መንደር ሰው ናቸው፤ ሐይቁ ዳር በተሠራችው ዳስ አሥራ ሰባት ዓመት ተቀምጠው ጠዋትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰሌዳውን ያነባሉ። በመጋቢት መጨረሻ ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ይተከልና እሳቸው ወደ ኦቾሎ፣ ወደ ወንድማቸው ልጅ ቤት ይወጣሉ። ይህ ከተወሰነ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ቅጹን ተቀብዬ ልሄድ ስል ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ጠሩኝ።

«አቶ ሸዋንዳኝ፣ ያንተ ካሜራ ሰው ታነሣለች?»

«ታነሣለች።»

«እኔን አንሣኝ። መታወቂያ ላይ የነበረችው ላብ በልቷታል።»

«ሲቀላ ፎቶ ቤት አለ እኮ፣ ጋሼ ዘካሪያስ።»

«ፎቶ ቤት ከጀርባህ መጋረጃ ይሰቅላሉ፤ ፏፏቴ፣ አበባ። እኔ ፏፏቴ ምን ያደርግልኛል? እዚህ ነው የምፈልገው፣ ሥራዬ ጋ።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኛ አገር ለቅሶ ሜዳ ላይ ነው። ፎቶ የያዘ ሰው ከፊት ይሮጣል፣ ሌላው ይከተላል። የሚስቴ ለቅሶ ጊዜ ፎቶ አልነበረም። ነጠላዋን ይዘው ሮጡ። ነጠላ ፊት የለውም።»

እሺ አልኩ። ሰሌዳው ከጀርባቸው እንዲገባ አድርጌ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ስድስት እርምጃ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ካሜራው የተገለበጠ ጀልባ ላይ የተደገፈ። አራት ፎቶ።

ቢሮ ስደርስ ቤቲ ከፈተቻቸው። በአራቱም ሰሌዳው ጥርት ብሏል። ጋሼ ዘካሪያስ ግን ፊት አልነበራቸውም። ከባርኔጣቸው እስከ ጉልበታቸው የተሳበ ቡናማ ጥላ ብቻ።

«ሰሌዳውን ነው እንዴ የሚድሩት?» አለች ቤቲ። «እሱን ሙሽራ አስመስለውታል!»

ደብተሬን ገለጥኩ። እጄ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ሰሌዳውም አብሮ ይደበዝዝ ነበር። ስለዚህ እጄ አይደለም። ካሜራው ዓይኑን ያሳረፈው ሰሌዳው ላይ ይሆን? ብዥታውን ቀረብ ብዬ አየሁት። ትኩረት ሲበላሽ ነገሩ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያብጣል፤ ይህኛው ግን የተሳበው ወደ ታች ብቻ ነው። ሰውየው ወደ ፊት ጎንበስ ብለዋል።

ዓርብ መጋቢት 3 ከሥራ ሰዓት ውጭ ተመልሼ ወረድኩ። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ከረቡዕ በቀር ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ዛሬ ረቡዕ ነው?» አሉ ደንግጠው።

«ዓርብ ነው። ጋሼ ዘካሪያስ፣ ሳነሣዎት ይጎነበሳሉ እንዴ?»

«አመሰግናለሁ እንጂ! ‹ጢጥ› ስትል ሰማሁ፤ አለቀች። ለደከመልህ ሰው ጎንበስ አትልም? እናንተ አገር እንዴት ነው?»

«እባክዎ አይነቃነቁ።»

«እሺ።»

ሦስት ፎቶ አነሣሁ፤ ሦስቱም ወደ ታች ተስበው ወጡ። ራሳቸውን ለመግታት እየሞከሩ እንደነበር አይቻለሁ፤ ጢጥ ስትል ግን አንገታቸው በራሱ ይሰበራል። የስድሳ ዓመት ልማድ ነው።

እሑድ ቤቴ ተቀምጬ የግድግዳውን ሰዓት ስመለከት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ፣ የሰከንዱ ዘንግ አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ሲደርስ ቁልፉን ተጫንኩ። ጢጥ አለ። በማግስቱ ቤቲ ስትከፍተው ዘንጉ አሥራ ሁለትን በአንድ ሰከንድ አልፎ ነበር። አሥር ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ አሥሩም ያው ነው። ካሜራው መጀመሪያ ይጮሃል፣ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ያነሣል። ጋሼ ዘካሪያስ ምስጋናቸውን የሚያቀርቡት በዚያች ሰከንድ ውስጥ ነው።

ለማረጋገጥ ቤቲን አነሣኋት። ምንም ሳልነግራት ጥርት ብላ ወጣች።

«ድምፁን ስትሰሚ ለምን አልተነቃነቅሽም?»

«ካሜራውን መች አወረዱት? ፊቴ ላይ ደግነውት አይደል እንዴ? አያለሁ እኮ!»

ይህንን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ጻፍኩት እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ረቡዕ መጋቢት 8፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ጋሼ ዘካሪያስ ኮት ለብሰው ጠበቁኝ።

«ጋሼ ዘካሪያስ፣ ማዕበል ሲኖር ሰሌዳውን እንዴት ነው የሚያነቡት?»

«ይህንን አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

«ይንገሩኝ እስቲ።»

«ዝም ብዬ እቆማለሁ። ውኃው የወጣበትን፣ የወረደበትን አንድ ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ መሐሉን እወስዳለሁ።»

«ዛሬም እንደዚያ ነው። ጢጥ ያለችው አንድ ማዕበል ናት። እኔ ‹በቃ› እስክል ውኃው አልረጋም።»

ሳቁ። እስከ ሦስት እርምጃ ቀረብኩ፤ ፊታቸው መስኮቱን ሞልቶት ከትከሻቸው በላይ የሰሌዳው ጫፍ ብቻ ቀረ። ባርኔጣውን እንዲያወልቁ ለመንኳቸው፤ ትንሽ አንገራገሩና አወለቁ። ጢጥ አለ። የአንገታቸው ጅማት ብቻ ተወጠረ። እስከ አራት ቆጥሬ «በቃ» አልኩ። ያን ጊዜ እስከ ጉልበታቸው ድረስ ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ።

ቤቲ ፎቶውን ስትከፍት እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። እንደ ሌላው ቀን አልቀለደችም።

«ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ።»

ቁጥር 58፣ ካነሣኋቸው ሁሉ የጠራው። የጢማቸው እያንዳንዱ ሽበት ይቆጠራል። የቀኝ ዓይናቸው ብሌን እንደ ወተት ነጭ ነው። የግራው ደግሞ ዳር ዳሩ ብቻ ጠቁሮ መሐሉ ጭጋግ ሞልቶታል።

«የዓይን ሞራ ነው» አለች ቤቲ። «እኚህ ሰውዬ የሚያዩ ይመስልዎታል?»

የታኅሣሥን፣ የጥርንና የየካቲትን ቅጾች አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ከታኅሣሥ 3 ጀምሮ ያለው ንባብ በሙሉ በዜሮ ወይም በአምስት ያልቃል። ሐይቅ እንዲህ አይቆጥርም። የጽሑፉም ቁጥሮች እያደጉ ሄደው መስመሩን ዘለዋል። ዳሩ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት የእኔው ማስታወሻ አለ፦ «በጥንቃቄ ይጻፍ።» በየሳምንቱ እነዚህን ቁጥሮች ደምሬ፣ አካፍዬ፣ መስመር ስዬባቸዋለሁ። ከባርኔጣው በታች ያለውን ሰው ግን አላየሁም።

ዓርብ፣ ካሜራው በሚመለስበት ቀን ጠዋት፣ ቤቲ በመሥሪያ ቤቱ ማተሚያ በጥቁርና ነጭ ያወጣችልኝን ፎቶ በላስቲክ ሸፍኜ፣ ካሜራውንም ይዤ ወረድኩ። ጋሼ ዘካሪያስ ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት። አልገለበጡትም፤ አውራ ጣታቸውን ብቻ ዳር ዳሩን አስኬዱት።

«ጠርታለች?»

«ጠርታለች።»

«ሰሌዳው አለ?»

«ከትከሻዎ በላይ አለ።»

«ዓይኔስ?»

መዋሸት አልቻልኩበትም። «ዓይንዎም ጠርቶ ወጥቷል። ሞራው ይታያል።»

ፎቶውን ድንጋዩ ላይ አኖሩት። ከዚያ ተነሥተው ሱሪያቸውን ሰብስበው ወደ ውኃው ገቡ።

«አዞ አለ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«አዞውም እንደ እኔ አርጅቷል። ና፣ እይ።»

እስከ ጉልበቴ ገብቼ ተከተልኳቸው። ሰሌዳው በተመታበት እንጨት ጀርባ፣ ከእኔ በኩል በማይታየው ጎን፣ በቢላ የተቆረጡ ጥርሶች ተደርድረዋል። ጣታቸውን ከላይ ጀምረው ወደ ታች እየቆጠሩ አወረዱት፣ ውኃው ሲነካቸው ቆሙ፣ ለአንድ ደቂቃም ማዕበሉን በጣታቸው ጠበቁ።

«ሁለት ሜትር ከሠላሳ አምስት» አሉ።

ዞሬ ሰሌዳውን አነበብኩ። ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስድስት ነበር። ሜትር አውጥቼ ጥርሶቹን ለካሁ፤ በየአምስት ሴንቲሜትሩ ነው የተቆረጡት፣ አቆራረጣቸው ቢሳሳት ቢበዛ በግማሽ ሴንቲሜትር ነው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ያኔውኑ ኦቾሎ እወጣለሁ። እዚያ ያሉት ልጆች እኔን አያውቁኝም፤ ‹ሽማግሌው በላ?› ነው የሚሉት። እዚህ ረቡዕ አለ።»

ረቡዕ ማለት እኔ ነበርኩ። ቅጹን ተቀብዬ፣ ፈርሜ፣ ሰዓቴን አይቼ የምሄድበት አሥር ደቂቃ።

«ትጽፍብኛለህ?»

«እጽፋለሁ። ‹ከታኅሣሥ 3 ጀምሮ ያለው ንባብ ወደ አምስት ሴንቲሜትር የተጠጋ ነው› ብዬ።»

«ሌላስ?»

«ለሰነዱ የሚያስፈልገው ይኼ ነው። ሞራውን ሐኪም ያነሣዋል፤ ይዤዎት እሄዳለሁ።»

«ረቡዕ?»

«የፈለጉት ቀን።»

ከውኃው ወጥተን ተቀመጥን። ፎቷቸውን ኮታቸው ውስጥ ከተቱ። ቆይተው እንዲህ አሉ፦

«አንተስ አለህ? ፎቶ።»

«የመታወቂያው።»

«ስትሞት ማን ይይዛል?»

ዘመዶቼን በጣቴ ቆጠርኩ። ደብረ ሲና ያሉት እህቶቼ አርጅተዋል። «ማንም» አልኩ።

«አምጣ ያቺን ካሜራ። ፎቶዋ ከወጣች እኔ ይዤ እሮጣለሁ። ባላያትም ልይዛት እችላለሁ።»

በቀረው ባትሪ አንድ ወይም ሁለት ፎቶ ይወጣ ነበር። ካሜራውን ሰጥቻቸው ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሰሌዳው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ።

«አውራኝ» አሉ፣ «የት እንዳለህ እንድሰማ።»

ደብተሬ ላይ እንደምጽፈው ጀመርኩ። «ዓርብ ነው» አልኩ፤ «መጋቢት 10 ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ነፋስ የለም።» ክርናቸውን ከጎድናቸው አጣበቁ። ትንፋሻቸውን አወጡ። ጢጥ አለ። እሳቸው አልተነቃነቁም፤ እኔ ነኝ ሳላውቅ ጎንበስ ያልኩት።

«በቃ?» አሉ።

«በቃ።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ካሜራውን መለስኩ። ፍሎፒውን አስቀድሜ ለቤቲ ሰጥቻት ነበር፤ የወጣውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ። የደብተሬ የመጨረሻ መስመር ይኸው ነው፦

ቁጥር 61። ሦስት ሰዓት። አራት እርምጃ። የጠዋት ብርሃን። ድጋፍ የለም። ሰሌዳው ጠርቷል፤ የእንጨቱ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። በግራው ጠርዝ የአንድ ሰው ጆሮና ትከሻ አለ፤ ወደ ታች ተስቧል።