«እንደ» ያለ ያምጣ

የቋንቋ መምህርቷ በክፍሏ አንድ ሕግ ደንግጋ ነበር፤ «እንደ» ያለ ያምጣ። ተነጻጻሪ ዘይቤ የጻፈ ተማሪ፣ ያመሳሰላቸውን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አቁሞ ካላሳየ በቀር ማርክ አያገኝም። ሕጉ የወጣው፣ ስለ እናቶቻቸው እንዲጽፉ ባዘዘቻቸው ጊዜ፣ እናት ሁሉ «እንደ ጨረቃ ያማረች» ሆና ብትመጣባት ነው።

«ይህ ሁሉ ጨረቃ ከየት መጣ?» ብላ ደብተሮቹን መለሰች።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ቤት የሚለቅ ሰው ግቢ መሰለ። አንዷ፣ የታናሽ ወንድሟን ጠባይ ይመስላል ያለችውን፣ ክዳን አልገጥም ያለ ድስት ከነወንድሟ አቀረበች። ሌላው የአያቱን ጉልበት ሊያስመሰክር፣ ሲጥ ሲጥ የሚል ማጠፊያ ወንበርና አያቱን ራሳቸውን ይዞ መጣ። ወንበሩ ሲታጠፍና ሲዘረጋ፣ አያቱም ሲነሡና ሲቀመጡ ክፍሉ በጥሞና አደመጠ። አያቱ አሸነፉ።

ርእሰ መምህሩ ግን፣ ሳቅን ኃጢአት ባይሉትም የኃጢአት ጎረቤት አድርገው የሚያዩ ሰው ነበሩና፣ ነገሩ አልጣማቸውም።

«ልጄ፣» አሏት ጠርተው፣ «ነገ መጥቼ አያለሁ። ትምህርት ከሆነ እሰየው። ጨዋታ ከሆነ ክፍሉን ለሒሳብ መምህሩ ሰጥቼ፣ አንቺን መጋዘን አስጠብቅሻለሁ።»

በማግስቱ መጥተው ከፊት ወንበር ተሰየሙ። በትንሽነቷና በምላሷ «ቁንጥጫ» የምትባለው ተማሪ ብድግ ብላ አነበበች።

«የርእሰ መምህራችን አረማመድ እንደ ዳክዬ ነው።»

መምህርቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።  ወዲያው ከቁንጥጫ ዴስክ ሥር አንድ ነገር «ኳክ» አለ።

«አምጥተሻታል?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«ሕጉ ነዋ፣ ጋሼ። የጎረቤታችን ናት፤ እስከ ምሳ ነው ያዋሱኝ።»

«ልጆች፣ ይህስ ለዛሬ ይለፈን፣» አለች መምህርቷ።

«አያልፍም፣» አሉ ርእሰ መምህሩ፣ ኮታቸውን እየቆለፉ። «ስሜ የተነሣበት ነገር ሳይመረመር አይዘጋም። ልቀቋት።»

ከበሩ እስከ ሰሌዳው አብረው ተጓዙ። ዳክዬዋ አንገቷን አቅንታ፣ እንደ ሙሽራ ተመጥና ሄደች። ርእሰ መምህሩ ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘመም እያሉ ደረሱና፣ መታጠፊያው ላይ ቆም ብለው በመላ አካላቸው ዞሩ።

«ተሳስቻለሁ፣» አለች ቁንጥጫ። «ዳክዬዋን በድያታለሁ።»

«እንግዲያስ ምን እመስላለሁ?»

«አይቆጡኝም?»

«ተናገሪ እንጂ።»

«ቁም ሳጥን። ሁለት ሰው ተሸክሞ ደረጃ ሲያወርደው።»

መምህርቷ ዐይኗን ጨፈነች፤ የመጋዘኑ ቁልፍ እጇ የገባ ያህል ቀዘቀዛት። ርእሰ መምህሩ ግን ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። ፎቅ ላይ፣ በቢሯቸው ውስጥ፣ የበሩን እኩሌታ የሚጋርድ ግዙፍ ቁም ሳጥን ነበረ። እንዲያወርድላቸው ያልለመኑት ሰው የለም፤ ዘበኛው ወገቤን ይላል፣ የስፖርት መምህሩ ስብሰባ አለብኝ ይላል።

«የክፍላችሁ ሕግ ምን ነበር?» አሉ በለሰለሰ ድምፅ።

«‹እንደ› ያለ ያምጣ!»

«እንግዲህ ይምጣ።»

ዘበኛውና የስፖርት መምህሩ «ለትምህርት ነው» ሲባሉ እምቢ ለማለት አፈሩ። ቁም ሳጥኑ ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘመም እያለ ወረደ፤ መታጠፊያው ላይም ቆም ብሎ በመላ አካሉ ዞረ። ርእሰ መምህሩ ከጎኑ እንዲሁ፤ ዳክዬዋም ማንም ሳያዝዛት ከኋላ። ከደረጃው ሥር የቆሙት ተማሪዎች ርእሰ መምህሩንና ቁም ሳጥኑን የሚለይ ዐይን አጡ።

«ሙሉ ማርክ ስጫት፣» አሉ ርእሰ መምህሩ፣ ላብ ያልነካውን ግንባራቸውን እየጠረጉ። «የሒሳብ መምህሩም ከሒሳቡ ጋር ይቆይ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

ጥቂት ሄደው ተመለሱና ጠጋ አሏት።

«እኔ የምልሽ፣ ልጄ፤ ቢሮዬ ያለውን የብረት ካዝና የሚመስል ሰው በክፍልሽ ይገኝ ይሆን?»