አንቱ የሚለው የክፍል ጓደኛ

የጥርስ ሐኪሟ ሰውየውን መጠርጠር የጀመረችው አንቱ ስላላት ነው።

የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የዓመቱን የመጀመሪያ ስብሰባ በድሮው ትምህርት ቤት ግቢ ያደርጋል። አንዱ ደወል ይደውላል፣ ሽበታም ሁሉ እየተገፋፋ ይሰለፋል፣ የትምህርት ቤቱን መዝሙር ግማሹን በቃላት ግማሹን በማጉረምረም ይወጡታል። ከዚያ ዓመቱን ለትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያደርጉ ይመክራሉ። ሐኪሟ ሊቀ መንበር ናት። ያን ቀን መዝሙሩን አንድም ቃል ሳይስት የዘለቀው አንድ ከሲታ ሰው ብቻ ነበር። ሲያበቃ ወንበር ሳበላትና «ይቀመጡ፣ ዶክተር» አላት።

አብሮ አቧራ ላይ የተንከባለለ ሰው እንዴት አንቱ ይላል? ሌሎቹ እንኳን ሊያከብሯት፣ ዛሬም ድረስ በልጅነት ቅጽል ስሟ «ተርብ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ማታ ባሏን ጠየቀችው፤ ባሏም እዚያው የተማረ መሐንዲስ ነው። ጥግ ላይ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ነዋ፣ አላት። የትኛው ጥግ ብትለው፣ እንጃ፣ ከጥጎቹ በአንዱ ነው አለና ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ሰውየው ደግሞ ሥራ አይመርጥም። የተሰበረ ዴስክ ሲጠገን መዶሻ ይዞ ቀድሞ የሚገኝ እሱ፣ ታመው አልጋ የያዙትን የሒሳብ አስተማሪያቸውን በየሳምንቱ የሚጠይቅ እሱ። «አይደክሜ» የሚል ስም አወጡለት። ሁሉም ሲወደው የእሷ ጥርጣሬ ባሰ። ሰው እንዲሁ አይለፋም። አንዴ ምርጫ ሊወዳደር አስቦ ይሆናል ትላለች፣ አንዴ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ቋምጦ ይሆናል ትላለች። ታካሚዋ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ እሷ ጉጠቱን እንደያዘች በሐሳብ ጭልጥ ትላለች። ነገር ፈላጊ ነሽ ሲላት ባሏን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ዝም አሰኘችው።

በዓመቱ አጋማሽ ወጥመድ አጠመደች። ሻይ ላይ ተሰብስበው ሳለ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለን ቤተ ሙከራው የተቃጠለ ቀን ትዝ ይላችኋል ወይ አለቻቸው። ቤተ ሙከራው ተቃጥሎ አያውቅም። የጭነት መኪና ባለቤት የሆነው ጓደኛቸው ቀበል አድርጎ፣ ውሃ በባልዲ ያመላለስኩት እኮ እኔ ነኝ አለ። ባሏ ሳይቀር ጭሱ ዓይኑን እንዳቃጠለው አወራ። አይደክሜ ብቻ «እኔ አላስታውስም» አለ።

ሐኪሟ ያን ቀን ማንን እንደምትጠረጥር ጠፋባት።

ቤተ መጻሕፍቱ ቀለም የተቀባ ዕለት ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ቀረ። ብትፈልገው ስምንተኛ ክፍል ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። መዳፉን እንጨቱ ላይ ዘርግቷል። አሁን ያዝኩህ አለች በልቧ።

«እዚህ አልተማሩም» አለችው። አንቱ ማለቷን ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«አልተማርኩም። የተማረችው ባለቤቴ ናት።»

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በትምህርት ቤት «ጭጭ» ይሏት ነበር። ልብስ እየተኮሰች መዝሙሩን ታንጎራጉራለች፣ የአስተማሪዎቹን ቀልድ ሳትሰለች ትደግምለታለች። ማኅበሩ መኖሩን ስትሰማ ለስብሰባው አዲስ ቀሚስ ሰፋች፤ ሳትለብሰው ሞት ቀደማት። እሱም ጓደኞቿን ሊያረዳ መጣ። በር ላይ ጭጭን ታውቋት ነበር ወይ ቢላቸው እርስ በርስ ተያዩ። የመኪናው ባለቤት ግን አንተማ ጥጉ ላይ የምትቀመጠው ነህ ብሎ አቀፈው።

«እሷን የረሱ ሰዎች እኔን አስታወሱኝ» አለ። «መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን እሷ ስትለው የኖረችውን ሲያወሩ ስሰማ፣ መሄድ አቃተኝ።»

ይሄም ተረት ይሆን? ሐኪሟ ፊቱን አየች። ሚስትዎ የት ነበር የምትቀመጠው ስትለው፣ የተቀመጠበትን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከፊቱ ያለው ዴስክ የሐኪሟ የራሷ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ጭጭ የእሷን ማጅራት ስታይ ኖራለች ማለት ነው። አእምሮዋን ብትቆፍር፣ ብትቆፍር፣ ምንም የለም። አስታወስኳት ማለት ቀላል ነበር።

«አላስታውሳትም» አለችው።

«እሷ ግን ታስታውስዎት ነበር። ሒሳብ ከእኔ ትገለብጥ ነበር ትለኛለች።»

ሐኪሟ ፊቷ ቀላ። ዕድሜዋን ሁሉ ሒሳብ ጎበዝ ነበርኩ ስትል ነው የኖረችው።

በዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ ሰውየው ራሱ ተነሥቶ ነገራቸው። የመኪናው ባለቤት ተታለልን ብሎ ጠረጴዛ ደበደበ። ሐኪሟ ጥግ ላይ ያስቀመጠው ማን ነው ብላ ስትጠይቅ ግን ባሏ ሳይቀር አቀረቀረ። እጅ ተቆጠረና ሰውየው በማኅበሩ ይቆይ ተባለ፤ የመኪናው ባለቤት ግን እጁን አላወጣም፣ ሰላምታም ከዚያ ወዲህ አይሰጠውም።

በማግስቱ ሐኪሟና ሰውየው የሒሳብ አስተማሪዋን ሊጠይቁ ሄዱ። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ ሲመላለስ ስለ ሚስቱ አንድ ቃል አንሥቶባቸው አያውቅም፤ እሳቸውም ከረሷት ብሎ ፈርቶ ነው። ጠያቂዋ ሐኪሟ ሆነች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የተኙ መሰላት።

«ጭጭ» አሉ በመጨረሻ። «ሰባት ቁጥርን ስትጽፍ ወገቧ ላይ የሰረዝ ቀበቶ የምታስታጥቃት? ስንቴ ቀጣኋት መሰለሽ።»

ሐኪሟ ለሐዘንተኛው አዝነው የፈጠሩት እንዳይሆን ፈርታ ወደ ሰውየው ዞረች። አይደክሜ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል።

«የደንበኛ ልክ ስትጽፍም እንደዚያው ነበር» አለ። «አንድ ጊዜ ሳግዛት ሰባቱን አራት ብዬ አንብቤው፣ ሱሪውን አሳጥሬ ቆረጥኩት።»

አስተማሪዋ በሳል መሐል ሳቁ። እሱም ሊስቅ ሞከረ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።